ሌሎች ያቆዩላቸው ስሞች

መጽሐፈ አስቴር ሲገለጥ መጀመሪያ የምናገኘው ንጉሥ አርጤክስስን ነው፤ «ከህንድ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ» የገዛውን። ወረድ ሲሉ ንግሥት አስጢን አለች። መጽሐፈ ዕዝራ ውስጥ ቂሮስና ዳርዮስ አሉ። የቤተ መቅደሱን ዕቃ ቆጥሮ ያስረከበው መዝገብ ጠባቂ ሚትሪዳጡም እዚያው አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማናቸው ዘመድ የሆኑ ያህል ነው። ግን ቂሮስና ዳርዮስም ሆኑ ሚትሪዳጡ የዕብራይስጥ ስም የላቸውም። ከፋርስ ምድር የመጡ ስሞች ናቸው።

አስቴር ራሷስ? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ስሟ ከፋርሱ «ኮከብ» የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ከባቢሎናውያን አምላክ ከኢሽታር ነው የሚሉም አሉ። የእኔ ልብ ወደ ኮከቡ ያደላል።

ስለ ጥንት ኢራናውያን ስሞች ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሏል። እነዚህን ስሞች በብዛት ጽፈው ያቆዩልን ራሳቸው ኢራናውያን አይደሉም። የአሦር ጸሐፊዎች፣ የፋርስ ጎረቤት የነበረው የኤላም ሕዝብ ጸሐፊዎች፣ አይሁድ፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ቻይናውያን ናቸው። ጠላትም አለበት፣ ጎረቤትም አለበት፣ ቀለብ እየተሰፈረለት የሚጽፍ የቢሮ ሠራተኛም አለበት። ሁሉም በየአፋቸው አጣመሙት፣ ሁሉም በየፊደላቸው ከተቡት። ስሙ የተረፈው ግን በእነሱ ነው።

ስሞቹ የተሠሩበት መንገድ ለሐበሻ ጆሮ ሩቅ አይደለም። አብዛኞቹ እንደ ገብረ መስቀልና እንደ ሀብተ ማርያም ከሁለት ቃል የተጋጠሙ ናቸው። ሚትራዳታ ማለት ሚትራ የሰጠው ማለት ነው፤ ሚትራ የቃል ኪዳን አምላክ ነበር። ባጋዳታ ደግሞ አምላክ የሰጠው ነው። አርታ እውነትም ነው፣ የዓለም ሥርዓትም ነው። አርጤክስስ የምንለው ስም በፋርሶቹ አፍ አርታክሻሳ ነበር፤ መንግሥቱ በእውነት የጸና እንደማለት። ዳርዮስ ዳራያቫኡሽ ነው፤ መልካሙን አጽንቶ የያዘ። ጠረክሲስ የሚባለው ልጁ ክሻያርሻ ነው፤ በጀግኖች ላይ የሚገዛ።

ማሳጠርም ያውቁበት ነበር። እኛ ሀብተ ማርያምን ሀብቴ እንደምንለው፣ እነሱም የስሙን አንዱን ክፍል ይወስዱና ጫፉ ላይ «ካ» ይጨምሩበታል። ፋርናህ ለንጉሥና ለጀግና ከላይ የሚወርድ ግርማ ነው። ፋርናካ ከዚያ የወጣ አጭር ስም ነው።

ከአምላክና ከእውነት ቀጥሎ ስሞቹን የሞላው እንስሳ ነው። የጥንቱ የኢራን ሃይማኖት ነቢይ የዘራቱሽትራ ስም ውስጥ ግመል አለ፤ ኡሽትራ ግመል ነው። የአባቱ ስም ፑሩሻስፓ ውስጥ ፈረስ አለ፤ አስፓ ፈረስ ነው። ሀብታቸውም ክብራቸውም በጋጣና በመስክ ላይ ነበርና ልጅ ሲወለድ የሚመኙለትም እሱኑ ነው።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ማስረጃ አለ። የዳርዮስ አባት ቪሽታስፓ ይባላል። ስሙ ውስጥ «አስፓ» አለ። ዳርዮስ በሚናገረው የፋርስ ዘዬ ግን ፈረስ «አሳ» ነው እንጂ «አስፓ» አይደለም። ናቅሽ ሩስታም በሚባለው ቦታ መቃብሩ ላይ «ጥሩ ፈረሰኛ ነኝ» ብሎ ሲያስጽፍ «አሳባራ» ነው ያለው። የአባቱን ስም ሲጠራ ግን «አስፓ» ይላል። «አስፓ» የሜዶንና የምሥራቅ ኢራን አነጋገር ነው። ቪሽታስፓ ዘራቱሽትራን ያስጠጋው የምሥራቁ ገዥ ስምም ነበር። እንግዲህ ስሙ ከሌላ ወገን መጥቶ ፋርስ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ዳርዮስ ገና ሳይነግሥ፣ ግዛቱም ገና ሳይሰፋ፣ ስሞች ከአንዱ ጎሳ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ነበር።

ይህንን ሁሉ በቅርብ ማየት ለሚፈልግ የጥንት ፋርስ ነገሥታት ከተማ ፐርሰፖሊስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 እዚያ የሚቆፍሩ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከምሽጉ ግንብ ውስጥ እጅግ ብዙ የሸክላ ጽላቶች አገኙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ509 እስከ 493 የተጻፉ ናቸው። የጦርነት ታሪክ የለባቸውም። የቀለብ መዝገብ ናቸው። ለእገሌ ይህን ያህል እህል፣ ለእገሊት ይህን ያህል ወይን፣ ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለፈረስ ገፈራ። በዚህም ምክንያት በስም የተሞሉ ናቸው። ቀለብ ያለ ስም አይሰፈርማ!

የመዝገቡ ትልቁ ሰው ፓርናካ ነው። ይኸው ፋርናካ ያልነው ስም ነው፤ የኤላም ጸሐፊዎች እንዲህ ነው የከተቡት። የዳርዮስ አጎት እንደነበር ይታመናል። የቀን ቀለቡ 2 በግ፣ 90 ሊትር ገደማ ወይን ወይም ጠላ፣ 180 ሊትር ገደማ ዱቄት ነበር። ብቻውን አይበላውም፤ ከሥሩ ብዙ ሰው አለ። በ500 ቅ.ል.ክ. ፓርናካ ማኅተሙን ለወጠ። ያን ጊዜ ባስጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ አንድ ማስታወቂያ ጨመረ፦ ቀድሞ የኔ የነበረው ማኅተም ተለውጧል፤ አሁን የኔ ማኅተም በዚህ ጽላት ላይ ያረፈው ነው። በጽላቱ ላይ ያረፈው ማኅተም ደግሞ ጽሑፍ አለበት፦ «የፓርናካ ማኅተም፣ የአርሻም ልጅ»።

ይህቺን ጽላት ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። የሰውየው ስም ኢራናዊ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በኤላምኛ ነው። የማኅተሙ ቋንቋና ፊደል አራማይክ ነው። መዳፍ በማትሞላ ሸክላ ላይ ሦስት ሕዝቦች ተገናኝተዋል። የፋርስ መንግሥት የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ ስሞቹም በዓለም የተበተኑት በዚህ መንገድ ነው። ሹሙ ወደ ግብፅ ሲላክ ስሙም ይላካል። አርሻም የሚባል ሌላ ልዑል በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የግብፅ ገዥ ነበር። በአራማይክ በቆዳ ላይ ያስጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬ ኦክስፎርድ ይገኛሉ። በዚያው ዘመን በግብፅ ደቡብ ጫፍ፣ በአባይ መካከል ባለችው በኤሌፋንታይን ደሴት፣ የአይሁድ ወታደሮች በፓፒረስ ላይ ስለ ፋርስ ሹሞች ሲጽፉ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠቅሰዋል። ያማረሯቸውንም ያመሰገኗቸውንም።

የማይገኙት ስሞች ግን ያሳዝኑኛል። በፐርሰፖሊስ መዝገብ ውስጥ የወለዱ ሠራተኛ ሴቶች ተጨማሪ ቀለብ ይሰጣቸዋል። ወንድ ለወለደች 10 ሊትር ገደማ፣ ሴት ለወለደች ግማሹ። የእናቶቹ ቁጥር ተጽፏል። የሕፃናቱ ጾታ ተጽፏል። ስም የለም። የፓርናካን ማኅተም ለውጥ ሳይቀር የመዘገበ ጸሐፊ ለእነዚህ ሴቶች አንዲት መስመር አልተረፈውም።

ወደ ግሪኮቹ ልለፍ። ሄሮዶቱስ ስለ ፋርሶች ሲጽፍ አንድ ነገር አገኘሁ ይላል። የፋርሶች ስም ሁሉ በአንድ ፊደል ያልቃል፣ በ«ስ»፤ ፋርሶቹ ራሳቸው ግን ይህን አያውቁም። እውነቱ ሌላ ነው። በዳርዮስና በቂሮስ ስም መጨረሻ ላይ በእርግጥ «ሽ» አለ። ሚትራዳታ ላይ ግን የለም፣ ቪንዳፋርና ላይም የለም። «ስ» የጨመሩት ግሪኮች ናቸው፤ የቋንቋቸው ባሕርይ ነው። ይህች የግሪክ «ስ» አብራ ተጓዘች። ፋርናካ ፋርናኬስ ሆነ። በ47 ቅ.ል.ክ. ጁሊየስ ቄሳር ዜላ ላይ ድል አድርጎት «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍኩ» ያለው በዚህ ስም የሚጠራውን የጶንጦስ ንጉሥ ነው። ያ የቀለብ መዝገብ ስም አራት መቶ ዓመት ተኩል ቆይቶ የሮምን ጦር ገጠመ።

የእኛም ኪሮስ በግሪክ በኩል ነው የመጣው። ሐምሌ 8 የሚታሰቡት የአቡነ ኪሮስ ስም በግሪክኛ ሲጻፍ ከፋርሱ ንጉሥ ስም ጋር አንድ ነው። በተለይ በትግራይ ኪሮስ የሚባል ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ደግሞ አንድ ነገር ላክል። ኩሩሽ የሚለው ስም ራሱ ከመጀመሪያው ኢራናዊ ላይሆን ይችላል፤ ኤላማዊ ነው የሚሉ ጠንካራ ምሁራን አሉ። የኢራን ስም ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ስም ከጎረቤት የተገኘ ቢሆን እኔን አይገርመኝም።

ስሞቹ ለታሪክ የዋሉት ትልቁ ውለታ ግን የሚከተለው ነው። በፐርሰፖሊስ ድንጋዮች ላይ የተቀረጹት ጽሑፎች ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል የሚያነባቸው አልነበረም። ሽብልቅ የመሰሉ ጭረቶች ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካርስተን ኒቡር የተባለ ተጓዥ በጥንቃቄ ገለበጣቸው። በ1802 ግሮቴፈንድ የተባለ በጎቲንገን የሚያስተምር ወጣት የትምህርት ቤት መምህር ቁጭ ብሎ አያቸው። ቋንቋውን አያውቅም። አንድ ነገር ግን ጠረጠረ፦ ነገሥታት ሲጽፉ «እገሌ፣ ታላቅ ንጉሥ፣ የእገሌ ልጅ» ነው የሚሉት። ሁለት ጽሑፍ ወሰደ። በአንዱ ላይ ያለው ንጉሥ በሌላው ላይ አባት ሆኖ መጣ። የእሱ አባት ግን «ንጉሥ» አልተባለም። ይህ ማን ሊሆን ይችላል? ቂሮስና ልጁ ካምቢሰስ አይሆኑም፤ የሁለቱ ስም በአንድ ፊደል ይጀምራልና ጽሑፉ ላይ ያሉት ግን አይመሳሰሉም። ራሱ ንጉሥ ሆኖ አባቱ ያልነገሠ፣ ልጁም የነገሠ አንድ አለ፤ ዳርዮስ። አባቱ ቪሽታስፓ፣ ልጁ ክሻያርሻ።

ከዚያ ስሞቹን በፊደሎቹ ላይ ደለደላቸው። ለዚህ የጠቀመው የግሪኩ አጻጻፍ ብቻ አይደለም። ዕብራይስጡም ረድቶታል። የዘራቱሽትራ ተከታዮች ያቆዩት ጎሽታስፕ የሚለው አጠራርም ረድቶታል። ሁሉም ፊደል አልተሳካለትም፤ በሩ ግን ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ነው ሌሎች ተከትለው የፋርሱን፣ የኤላሙን፣ የባቢሎኑን ጽሑፍ ያነበቡት። መግቢያው ሦስት የሰው ስም ነበር፤ አያት፣ አባት፣ ልጅ። ስሞቹ በሌላ ሕዝብ መጽሐፍ ውስጥ ባይቀመጡ ኖሮ ያ ሁሉ ጭረት ገና ዝም ብሎ ይኖር ነበር።

አርመንን ሳላነሳ አላልፍም። ቅድስት አርሴማን የማያውቅ የለም፤ ገድሏ ይነበባል፣ ጠበሏ ይጎረፍበታል። መስከረም 29 ስትታሰብ ያሰቃያት ንጉሥ ድርጣድስም አብሮ ይጠራል። ንጉሡ ወደ እሪያ መልክ ተለውጦ በጎርጎርዮስ ጸሎት የዳነው። ድርጣድስ በአርመኖች አፍ ትርዳት ነው። መነሻው ግን ኢራናዊ ነው፤ ቲር የሚባለው አምላክ የሰጠው ማለት ነው። ቤተሰቡ የኢራናውያኑ የፓርት ነገሥታት ዘር ነው። በተለምዶ እ.ኤ.አ. በ301 ተጠምቆ ሀገሩን ክርስቲያን አደረገ ይባላል። ስሙን ግን አልለወጠውም። የጣዖት ስም ተሸክሞ የክርስቲያን ንጉሥ ሆነ፤ ስሙ በግሪክና በዓረብ በኩል እየተጣመመ የእኛ ስንክሳር ውስጥ ገባ። አርመኖች እስከ ዛሬ ልጆቻቸውን ትርዳት፣ ኾስሮቭ፣ ሱሬን፣ አርታሼስ ይላሉ። ሁሉም የኢራን ስሞች ናቸው፤ አርታሼስ ራሱ አርጤክስስ ነው።

በስተምሥራቅ ደግሞ ሶግዶች አሉ፤ ኢራናዊ ቋንቋ የሚናገሩ የሳማርካንድ ነጋዴዎች። በ1907 አውሬል ስታይን በቻይና ዱንሁዋንግ አጠገብ ካለ የመጠበቂያ ማማ ፍርስራሽ ውስጥ ያልደረሱ ደብዳቤዎች አገኘ። በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፉ ናቸው። አንዱ ላኪ ናናይቫንዳክ ይባላል። ወደ ሳማርካንድ ነው የሚጽፈው፤ የቻይናው ንጉሥ ከዋና ከተማው እንደሸሸ፣ ቤተ መንግሥቱም እንደተቃጠለ ይነግራቸዋል። ቫንዳክ ማለት አገልጋይ ማለት ነው። ቁርጥ የእኛ «ገብረ»። ናና የሜሶጶጣሚያ አምላክ ነበረች። እንግዲህ ስሙ ገብረ ናና ነው።

ሌላዋ ሚውናይ የምትባል ሴት ናት። ባሏ ናናይዳት፣ ናና የሰጠችው ማለት ነው፣ ዱንሁዋንግ ጥሏት ሄዷል። ገንዘብ የለም፣ ወደ ሀገሯ የሚወስዳት የለም። ከአንተ ሚስት ከምሆን የውሻ ወይም የአሳማ ሚስት ብሆን ይሻለኝ ነበር ብላ ጻፈችለት። ደብዳቤው አልደረሰውም። ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ዘግይቶ ለእኛ ደረሰ። ፐርሰፖሊስ ላይ ስማቸው የጠፋውን ሴቶች ሳስብ ሚውናይ ትክሰኛለች።

አንድ ስም ደግሞ ምን ያህል ሊጓዝ እንደሚችል ላሳያችሁ። በ327 ቅ.ል.ክ. እስክንድር ያገባት የምሥራቅ ኢራን ልጅ ሮክሳና ትባል ነበር፤ ብርሃናማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ755 የቻይናን የታንግ መንግሥት ያናወጠው የጦር አዛዥ አን ሉሻን ይባላል። ሉሻን የቻይና ስም አይደለም። የሶግዶች ሮኽሻን ነው፤ ያው ብርሃናማ። በመካከላቸው ከሺህ ዓመት በላይ አለ። ሥሩ አንድ ነው።

ከዓረቦች ጋር በተያያዘ ለእኛ የሚቀርብ ነገር አለ። ኾስሮው ከእስልምና በፊት ኢራንን የገዙት የሳሳናውያን ነገሥታት ስም ነው፤ መልካም ዝና ያለው ማለት ነው። ዓረቦች ኪስራ ብለው የፋርስ ንጉሥ ሁሉ ማዕረግ አደረጉት። የሀበሻውን ንጉሥ ነጃሺ አሉት፣ የሮሙን ቀይሰር። ኪስራ ስም ነበር፣ ማዕረግ ሆነ። ነጃሺ ማዕረግ ነበር፣ እንደ ስም ተያዘ። በ570 ገደማ በየመን የነበረውን የሐበሾች አገዛዝ ያበቃውም የአንደኛው ኾስሮው ጦር ነው።

ከእስልምና በኋላ ስሞቹ በኢራን ውስጥ ራሱ ቀስ በቀስ ቦታ ለቀቁ። ይህን በዘር ሐረግ ማየት ይቻላል። የሐዲሱ ሊቅ ኢማም ቡኻሪ ሙሐመድ ናቸው፤ የኢስማዒል ልጅ፣ የኢብራሂም ልጅ፣ የሙጊራ ልጅ፣ የበርዲዝበህ ልጅ። እስከ ሙጊራ ድረስ ዓረብኛ ነው። በርዲዝበህ ላይ ሲደረስ የድሮው እምነትና የድሮው ቋንቋ ብቅ ይላል። አባትና አያት ቆጥሮ ለሚጠራ ለእኛ ይህን ማንበብ አያስቸግርም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ቡሌት እንዲህ ያሉ የዘር ሐረጎችን ሰብስቦ ነው ኢራናውያን በየትኛው ዘመን በብዛት እንደሰለሙ ለመገመት የሞከረው።

ግን አልጠፉም። ባለቅኔው ፌርዶውሲ በ1010 ስለ ኢራን ነገሥታት የገጠመውን ሻህናሜን ሲጨርስ ሩስታም፣ ሶህራብ፣ ባህራም፣ ታህሚኔ እንደገና የሰው ስም ሆነው ጸኑ። እንዲያውም በአናቶሊያ የነገሡት የቱርክ ሱልጣኖች ልጆቻቸውን ካይኹስረውና ካይቁባድ አሏቸው። ሻህናሜ ውስጥ ግን ኩሩሽ የለም። ቂሮስን ሕዝቡ ረስቶት ነበር። መቃብሩን እንኳ ለብዙ ዘመን የሰለሞን እናት መቃብር ነበር የሚሉት።

ኩሩሽና ዳርዩሽ ከጽሑፍ ተነበው ወደ ኢራን ሕፃናት የተመለሱት በአዲሱ ዘመን፣ በተለይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የኢራኑ ንጉሥ፣ ሻሁ፣ በዚያው በቂሮስ መቃብር ፊት ቆሞ ቂሮስን በስሙ ጠርቶ አናገረው። በፐርሰፖሊሱ ድግስ ከተገኙት እንግዶች አንዱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። የሻሁ ሐውልቶች ወረዱ፤ ኩሩሽ የሚለው ስም ግን በየቤቱ ቀረ።

እኔ ከሁሉም የማደላው ለመህርዳድ ነው። ሚትራዳታ ነበር፤ ከዚያ ሚህርዳት፣ ከዚያ ሚህርዳድ፣ ዛሬ መህርዳድ። የመጽሐፍ ቅዱሱን መዝገብ ጠባቂ ቴህራን መንገድ ላይ ብትጠሩት ዘወር የሚል ወጣት አይጠፋም። አርደሺርም እንዲሁ ነው፤ ከአርታክሻሳ በአፍ ወርዶ የመጣ። ዳርዮስ ግን በሁለት መንገድ ነው የደረሳቸው። ከድንጋይ የተነበበው ዳርዩሽ ነው። በአፍ የወረደው ዳራ ነው፤ ፌርዶውሲ የሚያውቀው ይህንን ነው። ለዓመታት የኢራን ሕፃናት ማንበብ ሲጀምሩ በመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ የሚያገኙት ልጅም ዳራ ነበር የሚባለው።